ሃያ ሰባት ንብርብር

ፓሪስ ውስጥ ክሩዋሳን ልማር ብዬ ገንዘቤን ከስክሼ ግማሽ ቀን ሊጥ ሳጥፍ ዋልኩ። ቅቤውን በሊጥ ጠቅልሎ መዳመጥ፣ ሦስት ቦታ ማጠፍ፣ ከዚያ ፍሪጅ። ይኼ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ቅቤው 27 ንብርብር ይሆናል። እኔ የማውቀው ቅቤ ወይ ወጥ ውስጥ ነው ወይ አናት ላይ፤ ሲያጥፉት አላየሁም። የኔው በሁለተኛው እጥፍ ሞቀውና ሊጡን ቀዶ ወጣ።

ለፈረንሳይ ጥበብ የከፈልኩት ደግሞ፣ ለካስ የክሩዋሳን ዘሩ ከቪየና ኖሯል! እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ አውጉስት ዛንግ የተባለ ኦስትሪያዊ ፓሪስ ዳቦ ቤት ከፍቶ ነው ያስለመዳቸው። ፈረንሳዮቹም ዘር አልካዱም፤ የዚህን ወገን የተጋገረ ነገር ዛሬም «ቪየኑዋዝሪ» ይሉታል።

የተረፈችውን አንዷን ክሩዋሳን ይዤ ቤት ገባሁ። ልጄ ሻይ ውስጥ ነከረቻትና፣ «አባዬ፣ ብስኩት አልነበረም?»