ቋሚነትን ለመከላከልና የውል ዕድሳትን ለማጽናት የወጣ አዋጅ ቁጥር 45/90

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ ሞዓ ኮንትራት ዘእምነገደ ኤጀንሲ፣ ሥዩማነ ትርፍ፣ ዐቀብተ ካዝና፣ በዐሥረኛው ፎቅ ላይ ተቀምጠን ከምድር ቤት እስከ ጣራ ያለውን ሁሉ የምናስተዳድር የአሠሪዎች ጉባኤ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለዘበኞች፣ ለጽዳት ሠራተኞች፣ ለገንዘብ ተቀባዮች፣ ለሾፌሮች፣ በትርፍ ሰዓት ለሚያስተምሩልን መምህራንና የእኛ ሳይሆኑ የእኛን ሥራ ለሚሠሩ ሁሉ ሰላምታችንን እናቀርባለን፤ ሰላምታውም እንደ ሁኔታው ሊታደስ የሚችል ሆኖ ለ90 ቀን የጸና ነው።

ይህ ዓለም ኃላፊት መሆኗን፣ ዘለዓለማዊነትም የፈጣሪ ገንዘብ እንጂ የፍጡር አለመሆኑን አበው ሊቃውንት ሲያስተምሩን የኖሩ በመሆኑ፤ ከዚህም ትምህርት የተነሣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በባልዲዋ አጠገብ ቆማ «ቋሚ አድርጉኝ» ስትል ጥያቄው ከደመወዝ ነገር አልፎ ወደ ኑፋቄ የሚያደላ መሆኑን በብዙ ኀዘን የተገነዘብን በመሆኑ፤ በ1956 ዓ.ም. በቁጥር 210፣ በ1968 በቁጥር 64፣ በ1985 በቁጥር 42፣ በ1996 በቁጥር 377፣ መንግሥት በመንግሥት ሲተካ ስለ ሠራተኛ የሚወጣው አዋጅ ግን ሳይቀር የኖረ በመሆኑ፤ በመጨረሻም ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 በ9ኛው አንቀጹ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጠራል ብሎ በሩን ከዘጋብን በኋላ፣ በ10ኛው አንቀጹ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የሚደረጉትን ውሎች ሲዘረዝር አንዲት መስኮት ስለ ተወልን፣ በመስኮት መግባትንም እንደ ሥርዓት ለመደንገግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

በአንቀጽ 1፣ የ10ኛው አንቀጽ ትርጓሜ ከእንግዲህ ወዲህ በአንድምታ እንዲሆን አዘናል። ሕጉ ከወትሮው የተለየ የሥራ ጫና ሲደርስ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር ይቻላል ሲል፣ አንድም ደንበኛ በዝቶ ሰልፉ አስፋልት ሲደርስ ነው፤ አንድም ደንበኛ ጠፍቶ፣ የሚመጣበትን ቀን መጠባበቁ በራሱ ከወትሮው የተለየ ጫና ሲሆን ነው፤ አንድም ድርጅቱ ከተቋቋመ ጀምሮ ሥራው አንዲት ቀን እንኳ ተቋርጦ የማያውቅ እንደ ሆነ፣ እንዲህ ያለ የማያቋርጥ ሥራ በኃላፊቱ ዓለም ያልተለመደ ነውና ከወትሮው የተለየ ይባላል። የወቅት ሥራ ሲልም፣ አንድም ቡና ለቀማ ነው፤ አንድም ወለል ማጽዳት ነው፣ ወለል በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ አቧራ ይለብሳልና ከወቅት የራቀ ወለል አልታየም። በድንገት በተለቀቀ የሥራ መደብ ላይ ከ45 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ጊዜያዊ ሰው ማስቀመጥ ይቻላል ስለሚለውም፣ መደቡ በየ45 ቀኑ በድንገት ይለቀቃል፤ ድንገቱንም የሰው ኃይል አስተዳደር አስቀድሞ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ያስገባዋል።

የሙከራ ጊዜ፣ ሕጉ እንደሚለው፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ሠራተኛውም በፈተናው ሳይበቃ ቢቀር ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ እስከ 58ኛው ቀን ድረስ ሲመሰገን ቆይቶ በ59ኛው ቀን አለመብቃቱ ይገለጥለታል። አንድ ሰው ለዚያው ሥራ በዚያው አሠሪ ዳግመኛ ቢቀጠር እንደገና አይሞከርም የሚል ቃል በሕጉ ስላለ፣ በጽዳት ሠራተኛነት የወደቀችው ሴት በማግሥቱ በ«አካባቢ ንጽሕና ረዳትነት» ትቀጠራለች። ባልዲው ያው ነው።

አንቀጽ 2 ስለ ጳጉሜን ነው። ለሌላው ዓለም 12 ወር ሲበቃው ለእኛ 13ኛዋ የተጨመረችበትን ምሥጢር ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብ እያሰሉ፣ አበቅቴና መጥቅዕ እየቈጠሩ ብዙ ቢደክሙበትም፣ እስከ ዛሬ ማንም ያላስተዋለውን እኛ ደርሰንበታል፤ ጳጉሜን የተፈጠረችው ውል ለመበጠስ ነው። የወር ደመወዝተኛ ይህችን ወር ከጥንት ጀምሮ ያለ ክፍያ ሲሠራባት መኖሩ ለአባባላችን በቂ ምስክር ነው። እንግዲህ የማንኛውም ኮንትራት ሠራተኛ ውል ነሐሴ 30 ቀን ማታ ይፈጸማል፤ አዲሱ ውል መስከረም 2 ቀን ጧት ይፈረማል፤ በመካከሉ ባሉት ቀናት፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ አንዲት ቀን ተጨምራ፣ ሠራተኛው የማንም አይደለም። ወለሉ ግን ጳጉሜን መግባቷን ስለማያውቅ ሠራተኛው ከሥራ ገበታው እንዲቀር አልተፈቀደም።

የዚህ ድንጋጌ ፍሬ ብዙ ነው። ሕጉ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ሰጥቶ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንዳንድ ቀን ሲጨምርለት፣ የእኛ ሠራተኛ ዓመት ሞልቶት አያውቅምና ዕረፍት የሚያስፈልገው ድካም በሥርዓት አልተከማቸበትም። የስንብት ክፍያም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶው ሲታከልበት፣ ተጨማሪ ዓመት የሌለው ሰው ሲሶ አይጠይቅም።

ለምሳሌ የሚሆነን በአንድ ባንክ ደጃፍ የቆመ ዘበኛ አለ። ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው የተወለትን፣ እጅጌው እስከ ጣቱ ጫፍ የሚወርድ ካፖርት ለብሶ፣ ደረቱ ላይ የኤጀንሲውን አርማ ለጥፎ፣ ዱላውን በብብቱ ይዞ ስምንት ዓመት ሲቆም፣ በካፖርቱ የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለሉ 32 የውል ወረቀቶች አከማችቷል፤ የፊተኛው ከመታጠፉ ብዛት መካከሉ ተቀድዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ሁሉም «ይህ ውል ለሦስት ወር ብቻ የጸና ነው» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ጧት ከመኪናው ሲወርድ፣ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? እርስዎ እኮ የቤቱ ሰው ነዎት፣ እኛ ቤተሰብ ነን» ይለዋል፤ ዘበኛውም ቆቡን ከፍ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌታዬ» ይላል። ይህን ልማድ ጉባኤው እጅግ ያመሰግናል፤ ቤተሰብ ለቤተሰቡ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲከፍል በየትም አገር አልታየምና። (ይህ ቃል ሲነበብ ከጉባኤው መካከል አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደ ሆነ አልተጣራም፤ ነገር ግን ቋሚ ሳይሆን አይቀርም።)

ስለ ኤጀንሲ የሚናገረው አንቀጽ 3 ምሥጢሩ ጥልቅ ስለ ሆነ ያልተማረ ባያነበው ይሻላል። የቀደሙት ሊቃውንት በጎንደር ጉባኤያት ስለ አካልና ስለ ባሕርይ ሲከራከሩ ኖረው፣ ነገሩ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ተቈርጧል ቢባልም፣ የዘበኛው ባሕርይ ግን እስከ ዛሬ ሳይቈረጥ ይገኛል። በሥጋ ከባንኩ ደጃፍ፣ በስም ከኤጀንሲው መዝገብ ነው፤ ላቡ ለባንኩ፣ ፊርማው ለኤጀንሲው ነው። ባንኩ ስለ አንድ ዘበኛ በወር የሚከፍለው ገንዘብ ወደ ኤጀንሲው ሲገባ ወፍሮ፣ ወደ ዘበኛው ሲወርድ ከስቶ የሚታይበትን ምክንያት መመርመር የትዕቢት ሥራ ነው። ዘበኛው ሌሊት ከደረጃው ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ ባንኩ «አሠሪህ ኤጀንሲው ነው» ይለዋል፤ ኤጀንሲው «የወደቅኸው በባንኩ ደረጃ ላይ ነው» ይለዋል፤ ሦስተኛውን ምልልስ በምርኩዝ ጨርሶ ሲደርስ ኤጀንሲው ጨረታ ተሸንፎ ሌላ ኤጀንሲ ተተክቶ ያገኛል። በዚያን ጊዜ ዘበኛው፣ ወንበሩ ያው፣ ካፖርቱ ያው፣ ደረጃውም ያው ሆኖ፣ አርማው ብቻ ተለውጦለት እንደ ገና ከሙከራ ጊዜ ይጀምራል። ስምንቱ ዓመት ከፊተኛው ኤጀንሲ ጋር ሄዷል፤ የፊተኛው ኤጀንሲ ደግሞ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም፤ ስልኩ አይሠራም።

ስለ እርጉዞች ማንም በጭካኔ እንዲያማን አንፈልግም። ሕጉ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደችም በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዟ እንድታርፍ ይላል፤ እርጉዝ ሴትም ከሥራ አትሰናበትም ይላል። እኛም አንዲትም እርጉዝ አናሰናብትም፤ የሚያሰናብታት የቀን መቁጠሪያ ነው። ውሏ የሦስት ወር ከሆነ፣ ሆዷ እስኪታወቅ ድረስ ውሉ አርጅቶ ይጠብቃታልና፣ የመጨረሻዋ ቀን ስትደርስ ከሰው ኃይል ክፍል ያለችው ልጅ «እታለም፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ስትወልጂ ብቅ በይ፣ ቦታ ካለ እናይልሻለን» ብላ በለሰለሰ ቃል ትሸኛታለች። ቦታ አይኖርም፤ ቃሉ ግን መልካም ነው።

መምህራንን በሚመለከት ነገራችን አጭር ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህር ከመስከረም እስከ ሰኔ ይቀጠራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ስለሆነ አይበላም። በኮሌጅ በክሬዲት የሚከፈለው ደግሞ በሦስት ኮሌጅ እየተሯሯጠ ሲያስተምር፣ ታክሲ ውስጥ የሚያርመው የፈተና ወረቀት ከፍቅረ ዕውቀት የመጣ ስለሆነ ሒሳብ አይያዝለትም፤ ለዚህ መምህር ዓመት ፈቃድ ቢሰጠው ከየትኛው ኮሌጅ እንደሚያርፍ ራሱም አይወስንም።

መታመም ክልክል ነው። የታመመ ቢኖር ግን፣ ሕጉ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ለሚከተሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያም ያለ ደመወዝ ሦስት ወር ስለሚሰጥ፣ ይህ ሁሉ የሒሳብ ክፍሉን እንዳያደክመው በጳጉሜን ይታመም፤ በጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል ጠበል ከሰማይ በነጻ ይወርዳልና የሕክምና ወጪም አይኖርብንም።

ይህ አዋጅ በጉባኤው አባላት ላይ አይጸናም። እነርሱ፣ ከነመኪናቸው፣ ከነነዳጃቸው፣ ከነቤት አበላቸውና ከነፕሮቪደንት ፈንዳቸው፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠሩ በመሆናቸው ከኃላፊቱ ዓለም ሕግ በጉባኤው ውሳኔ ነጻ ወጥተዋል።

በመጨረሻ፣ ቅሬታ ያለው ሠራተኛ ይኖራል፤ ከቶ አናፍነውም። ዳኞች ክፉ ልማድ አለባቸው፤ የወረቀቱን ርእስ ትተው የሥራውን ጠባይ ይመረምራሉ፣ 32 ወረቀት ቢደረደርላቸውም ደጃፉ በ32ቱም ጊዜ ያው ደጃፍ መሆኑን ያያሉ። ስለዚህ ነገሩ ከእነርሱ ዘንድ እንዳይደርስ ሕጉ ራሱ ያኖረልንን ጸጋ መጠቀም ይገባል፤ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠይቅም በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቀ፣ በይርጋ ይታገዳል። እንግዲህ የሰው ኃይል ኃላፊዎች ሁሉ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያው ወር ለሚመጣው ሰው «ዳይሬክተሩ ውጭ አገር ናቸው፣ ሲመለሱ ውልህ ይታደሳል» ይበሉ፤ በሁለተኛው ወር «ማኅተሙን የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት» ይበሉ፤ በሦስተኛው ወር «ደብዳቤህ ተፈርሟል፣ ወጪ ሊሆን ነው፣ ሰኞ ና» ይበሉ፤ ሰኞውም ሲደርስ ለሚቀጥለው ሰኞ ይቅጠሩት። በአራተኛው ወር ግን ኃላፊው ራሱ እስከ በሩ ድረስ ወጥቶ ይቀበለው፣ ወንበር ይሳብለት፣ ሻይ ይዘዝለት፣ ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስ መብቱ መሆኑንም፣ ሻዩ እስኪበርድ ድረስ፣ በትሕትና ያስረዳው።