ባኞው ይቅደም፣ ቧንቧው ይደርሳል

ደብረ ታቦር ላይ ቤት ሲሠሩ ከግድግዳ ተላቆ መሀል ክፍል ላይ በእግሩ የሚቆም ባኞ ለማስገባት ቆርጠው ከሆነ፣ ሥራውን ከሥሩ ለማበላሸት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። አንዲት ሕግ ትበቃለች፤ ባኞው ይቅደም፣ ቧንቧው ይደርሳል። ሶሌታው ይሞላ፣ ሴራሚኩ ይነጠፍ፣ ባኞው በሰው ትከሻ ገብቶ ይታይ፤ ቧንቧ ሠራተኛው የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ የሚል ካለ ታሪክ ይጥቀሱለት። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ከከተማው አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ ማን ስለ መንገድ ጠየቀ? 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ መጀመሪያ ተሠራ፤ መንገዱ በኋላ ገደል እየተናደ ተጠረገለት፤ በ1860 ዓ.ም. ወራት ሙሉ ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ደርሶ ምን ፈየደ ብሎ መጠየቅ የምቀኛ ነገር ነው።

የዚህ ባኞ ውበቱ ግድግዳ አለመንካቱ ነው፤ መከራውም እሱው ነው። ግድግዳ የተጠጋ ባኞ ቧንቧውን ግድግዳ ውስጥ ይሸሽጋል፤ ብቻውን የሚቆመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚያገኘውም የሚያፈሰውም ከወለል ነው። አስተዋይ ሰው ስለዚህ የፍሳሹን ቦታ ሶሌታ ሳይሞላ ያስለካል፣ ለሲፎኑ የሚሆን ክፍተት ያስቀራል፣ ቧንቧውም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንዲያዘቀዝቅ ያደርጋል። እርስዎ ይህን አያድርጉ። ከባኞው እስከ ውጭው ግድግዳ 4 ሜትር ቢሆን 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ያስፈልጋል፤ የቧንቧው ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት 13 ይሆናል፤ ከሴራሚክዎ ሥር ያለው ሊሾ ደግሞ ይህን ያህል ቦታ የለውም። ሴራሚክ ከሚሰበር ቧንቧው ይጋደም። «ያለ ቁልቁለት ውሃ አይሄድም» የሚል ይነሣል፤ እውነቱን ነው፣ ርብና ጉማራም ከጉና ተነሥተው ጣና የሚገቡት ቁልቁለት ስላላቸው ነው። ግን የእርስዎን ውሃ ምን አስቸኮለው? እዚያው ረግቶ ሳሙናውንና ፀጉሩን ቧንቧው ውስጥ ያስቀምጥ። ሲፎኑንም ከሴራሚኩ ሥር ይቅበሩት፤ መክፈቻ አይተዉለት። የተደፈነ ዕለት ወለሉን የሚሰብረው ሰው እንጀራ ይብላበት እንጂ።

ወደ ሙቅ ውሃው ስንመጣ ነገሩ ይጣፍጣል። ከተማው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊት ያደረበት የሮቶ ውሃ ምን እንደሚመስል እጁን ያስገባ ያውቀዋል። ባኞ ከነሰውየው በወጉ እንዲሞላ 200 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ቀዝቃዛው ውሃ 15 ዲግሪ ነው እንበልና፣ 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር 65 ዲግሪ ቢያደርስ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚሰጡት ቢበዛ 100 ሊትር የ40 ዲግሪ ውሃ ነው። ግማሽ ባኞ! 200 ሊትሩን በሙሉ ለማሞቅ 1,500 ዋት የሚስብ ቦይለር 4 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ፣ ያውም ሙቀቱ በመንገድ ካልባከነ። ስለዚህ ትንሹን ቦይለር ይግዙ፤ ቢቻል ከባኞው በጣም አርቀው ይስቀሉት። ሮቶውን ደግሞ 3 ሜትር ቆጥ ላይ ካወጡት በቂ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፤ 3 ሜትር 0.3 ባር መሆኑ ነው። ያ ከወለል የሚነሣው የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ 1 ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ቢንጠባጠብ ግን መቼ ጮኸ? የመጀመሪያው ባልዲ እስኪበርድ ሁለተኛው ይደርሳል። «ዋንዛዬ ፍል ውሃ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» ለሚል መልሱ ቀላል ነው፤ ዋንዛዬን ለእንግዳ «ይኼ የኔ ነው» ብሎ ማሳየት አይቻልም።

ክብደቱን በባዶው ብቻ ይጠይቁ። ሻጩ 130 ኪሎ ይልዎታል እንበል፣ የብረት ባኞ ነውና። 200 ሊትር ውሃ 2 ኩንታል ነው፤ እርስዎ 70 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 4 ኩንታል በ1.3 ሜትር ካሬ ላይ ሆነ፤ በሜትር ካሬ 300 ኪሎ አለፈ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሰላው 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው። መሐንዲስ ከጠየቁ ይህን ይነግርዎታል፤ ስለዚህ አይጠይቁ፣ ባኞውንም ፎቅ ላይ ያውጡት።

ይህ ሁሉ ሆኖ «ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው» የሚል ተቃውሞ ይቀራል፤ ለሥርዓታችን ግን ትልቁ ድጋፍ እሱ ነው። ውሃ የመጣ ዕለት ባኞው እስከ አፉ ይሞላል፣ ቤተሰቡ ሳምንቱን በጆግ እየቀዳ ይጠቀምበታል፤ ሰው ስለማይታጠብበት ፍሳሹ የተጋደመ መሆኑ ማንንም አይጎዳም። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ የማይፈስበት ሲፎን ውስጡ ያለው ውሃ ይደርቅና የጉድጓዱ ሽታ ወደ ቤት ይገባል። መስኮት ይክፈቱ። የእጅ ሻወሩንም ጎማ ሞልቶ ባለው ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ይተዉት፤ ቼክ ቫልቭ የሚባለውን ትንሽ ዕቃም ከወጪው ይቀንሱ። መስመሩ ላይ ያለው ውሃ ድንገት ሲቋረጥ ቧንቧው ወደ ኋላ ይስባል፣ የባኞዎ ውሃም ከነቆሻሻው ተመልሶ ወደ መስመሩ ይገባል። ጎረቤት ሊጠጣው አይደል ወይ? ሊጠጣው ነው፤ ግን እሱም ይህን ምክር ተከትሎ ባኞ ካስገባ ዕዳው ተቻቻለ።