ሐተታ ዘአፈሙዝ፦ ከጠመንጃ አፍ የታሰረ ክሮኖግራፍ ዒላማ ያስታልን?

መቅድም። ጠመንጃ ከተፈለሰፈ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች የሰውን ልጅ እንቅልፍ ነሥተውታል፤ «መታሁን?» እና «ስለምን ሳትሁ?»። የፊተኛው የአዳኝ ነው፤ መልሱም ከድስት ውስጥ ይገኛል። የኋለኛው ግን የሊቃውንት ርስት ነውና እነሆ ብዕራችንን አነሣን።

ምዕራፍ 1፦ ስለ መለኪያው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥይትን በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ላይ ተኩሶ ከመወዛወዙ መጠን ፍጥነቱን ማስላትን አስተማረ። እንጨቱ ርቆ የተሰቀለ ነበርና በጠመንጃው ላይ ሸክም አልሆነም። የዛሬው ክሮኖግራፍ (የጥይት ፍጥነት መለኪያ) ማግኔቶስፒድ ግን ርቆ መቆምን ንቆ፣ ሳንጃ መስሎ ከአፈሙዙ ሥር በማሰሪያ ይጠፈራል። ጥይቱ በሁለት መግነጢሳዊ ዳሳሾች አናት ሲያልፍ፣ ከአንዱ እስከ ሌላው የፈጀበት ጊዜ ይመዘገባል። አስተሳሰሩ ከተጣመመ ጥይቱ ራሱን ሳንጃውን ይቦድሰዋል፤ ያን ጊዜ የሚለካው ኪሳራ ነው።

ምዕራፍ 2፦ ስለ ስሕተቱ ምንጭ። አንድም ከክብደት ነው፤ ባሩዱ ሲቀጣጠል በርሜሉ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል፤ ጫፉ ላይ ሸክም ሲጨመር ቅኝቱ ይለወጥና ጥይቱ አፈሙዙ ወደ ሌላ አቅጣጫ ባዘነበለበት ቅጽበት ይወጣል። ብራውኒንግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ ጠባይ ለበጎ አውሎ፣ አፈሙዝ ላይ የሚስተካከል ክብደት ለገበያ አቅርቧል፤ ስለዚህ ሸክም ሁሉ እርግማን አይደለም። አንድም ከጋዝ ነው፤ ጥይቱን ተከትሎ የሚወጣው ጋዝ ሳንጃውን ይገፋዋል። ጥይቱ ቀድሞ ስለሚሄድ በጋዙ ላይ የቀረበው ክስ ይላላል፤ የማሰሪያው መላላት ግን ለሚቀጥለው ጥይት ይተርፋል። አንድም ከተኳሹ ነው፤ ትንፋሹን ሳይቆጣጠር ቃታ ስቦ ሲስት በመሣሪያው ያላክካል። ለዚህ ለሦስተኛው ትርጓሜ ምስክር አይጠፋም።

ምዕራፍ 3፦ ስለ ፈተናው ሥርዓት። ሦስት ጥይት በባዶው፣ ሦስት በታሰረው ተኩሶ አዋጅ የሚያስነግር ከማኅበረ ሊቃውንት ይወገድ! ሦስት ቀዳዳ ዕድልን እንጂ እውነትን አያሳይም። አንድ ጠመንጃና ከአንድ ምርት የወጣ ጥይት ያዝ፤ በ100 ሜትር አምስት አምስት እየተኮስህ፣ አንዴ አስረህ አንዴ ፈትተህ አፈራርቅ፤ የበርሜሉ መጋል ለአንዱ ወገን ብቻ እንዳያዳላ። ከዚያ ሁለት ነገር ለይተህ ለካ፦ የቀዳዳዎቹን ስርጭትና የማዕከላቸውን ቦታ። ስርጭቱ ሳይሰፋ ማዕከሉ ብቻ ሊሸሽ ይችላል፤ አላዋቂ ሁለቱን ያምታታል። በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር የሸሸ፣ በ500 ሜትር 14.5 ይሸሻል።

ብይን። መለኪያውን አስረህ ፍጥነቱን ለካ፤ መለኪያውን ፈትተህ የማነጣጠሪያ መነፅሩን አስተካክል። ክርክሩ የሰለቸው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን የጋርሚን ዜሮ ሲ1 ራዳር ይግዛ፤ ከጎን ተቀምጦ ጠመንጃውን ሳይነካ ይለካለታል። ከዚያ ወዲያ ለሳተው ጥይት ተጠያቂው ራሱ ተኳሹ ነው።