ስለ «ኢንግ» እና ስለ መኪና ማቆሚያ፦ ከቴዎድሮስ አደባባይ የተሰበሰበ ማስረጃ

ከእንግሊዝኛ ሰዋስው ሕጎች መካከል ይህን ያህል በአጭሩ የሚሸመደድ የለም፦ መስተዋድድ ከግስ ከቀደመ ግሱ በመጨረሻው «ኢንግ» ይቀጥላል። «ቢፎር» ያለ ሰው «ጎይንግ» ማለት ግድ ይሆንበታል፤ «ዊዝአውት» ያለም «ፔይንግ»። ተማሪው ሕጉን በቃሉ ይወጣዋል፣ መምህሩ ያርማል፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን ሁለቱም አይጠያየቁም። ይህ ጥናት ምክንያቱን ለንደን ሳይሄድ አራዳ ላይ ይፈልገዋል፤ በተለይም ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ። የቦታው ምርጫ በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። አደባባዩን የያዘው ጎዳና በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በቸርችል ስም ይጠራል፤ ከላይ ያለው ፒያሳ ስሙን ከጣሊያንኛ ወስዷል፤ ከታች የሚጠብቀው ለገሃር ከፈረንሳይኛ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን ጣቢያ ከተማው «ለገሃር» ብሎ ተቀብሎታል። በዚህ አቀባበል የፈረንሳይኛዋ «ላ» የአማርኛውን «ለ» መስላ ገብታ ቀርታለች። ስለዚህ ዛሬ «ወደ ለገሃር» የሚል ተሳፋሪ ሁለት መስተዋድድ ደርቦ በአንድ ሰው ሒሳብ ይጓዛል ማለት ነው። መስተዋድድን በዚህ ዋጋ የሚያስተናግድ ጎዳና ለጥናት ካልሆነ ለምን ይሆናል?

መስተዋድድ ስሙ እንደሚመሰክረው ቃላትን የሚያዋድድ ነው። የእንግሊዝኛው ግን ከስም በቀር ማንንም አይወድም፤ ግስ ሲመጣበት በ«ኢንግ» ስም አስመስሎ ካላለበሰው አጠገቡ አያደርሰውም። የአማርኛው እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለበትም። «ስለ መጣ»፣ «እንደ ሄደ»፣ «ከበላ» ሲል ግሱን ከነባለቤቱ፣ ከነጊዜው እንዳለ ይቀበላል። ጥንቃቄ ሲያምረው ብቻ «መ»ን ከፊት አስቀድሞ «ከመሄድ በፊት» ይላል፤ ያኔ ግሱ «ከ» ከፊት፣ «በፊት» ከኋላ ዘግተውበት፣ የፒያሳ ቁልቁለት ላይ በሁለት መኪና መካከል እንደ ቆመ ሦስተኛ መኪና መላወሻ ያጣል። ለጉዳያችን የበለጠ የሚጠቅመው ግን አማርኛ ከአንድ ግስ ሦስት ስም ማውጣቱ ነው። ከ«አቆመ» ድርጊቱ «ማቆም»፣ ቦታው ወይም መሣሪያው «ማቆሚያ»፣ ሁኔታው «አቋቋም» ይባላል። ሦስተኛው በቤተ ክህነት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ዓመታት ይፈጃል፤ በመንጃ ፈቃድ ግን በደቂቃዎች ይታለፋል፤ ውጤቱም በየመንገዱ ዳር ይታያል። እንግሊዝኛ ሦስቱንም በአንድ «ኢንግ» ጠቅልሎ ይልካቸዋል። ጥያቄው እንግዲህ ጥቅሉ አራዳ ሲደርስ ከሦስቱ የትኛው ይወጣል የሚል ነው።

መልሱ ከታፔላ ይገኛል። መኪና እንዳይቆም ሲፈለግ «መኪና ማቆም ክልክል ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ እንዲቆም ሲፈለግ «የመኪና ማቆሚያ»። የተከለከለው ድርጊት ነው፣ የተፈቀደው ቦታ ነው። ይህ ክፍፍል ጥብቅ ነው። በከተማው ግድግዳዎች ላይ ድርጊትን በ«መ» ጀምሮ የሚጠራ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚያልቀው በ«ክልክል ነው» ነው፤ አንባቢ ከሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለውን ምሳሌ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። «ፓርኪንግ» በዚህ ክፍፍል ውስጥ ያለ አንዳች ማመንታት ከ«ማቆሚያ» ወገን ቆሟል። «ፓርኪንግ ውስጥ ነው»፣ «ከፓርኪንግ አወጣሁት»፣ «ፓርኪንጉ ሞልቷል» ይባላል፤ እንግሊዝኛውን እንዳለ ለሚተረጉም ሰው ግን የመጨረሻው ድርጊት እንደ በርሜል ሞላ ማለት ይሆንበታል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው «ሚቲንግ ላይ ናቸው»ም እዚያው ይመደባል። «ላይ» ከፍታ አመልካች ስለሆነ ሚቲንግ የሚወጣበት ነገር ነው፤ ባለጉዳዩ ግን «ከሚቲንግ ሲወጡ ይመለሱ» ይባላል። ኃላፊው በላዩ ሆነው የሚወጡት ከውስጡ ነው። የቅርጹ ነገር ለጂኦሜትሪ ሊቃውንት ይተው፤ ቦታ መሆኑ ግን አከራካሪ አይደለም። ከዚህ ተነሥተን የጥናቱን ድምዳሜ ማስቀመጥ ይቻላል። «በ»፣ «ከ»፣ «ወደ» ዋና ሥራቸው ሥፍራን መንገር ስለሆነ አጠገባቸው ብዙ የቆየ ድርጊት ቀስ በቀስ ሥፍራ ይሆናል። እንግሊዝኛ ድርጊትን ስም በማድረግ ሥራውን ያቆማል፤ አራዳ ግን ስሙን ይረከብና መሬት ይሰጠዋል።

ተቃውሞ እንደሚነሣ ይጠበቃል። አንደኛው፣ ታፔላ ላይ ብቻውን የተጻፈ «ፓርኪንግ» መስተዋድድ የለውም የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ከቃሉ ሥር የተሣለውን ቀስት ልብ አላሉትም፤ ቀስቱ «ወደ» ነው። ሁለተኛው፣ «ፓርክ አደረገ» እየተባለ «ኢንግ» የቱ ላይ ነው ይላል። ይህ ድምዳሜውን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፦ መስተዋድድ በሌለበት «ኢንግ» አልመጣም፣ ድርጊቱም በ«አደረገ» ተደግፎ ድርጊት እንደ ሆነ ቀርቷል። መስተዋድዱን ጨምሮ «ኢንግ»ን የሚያስቀር ሰው «በፓርክ» ይልና ራሱን ከአትክልትና ከወንበር መካከል ያገኘዋል። ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «ማርኬቲንግ» እና «ኢንጂነሪንግ» የዕውቀት ዘርፍ ናቸው እንጂ ቦታ አይደሉም የሚል ነው። ነገር ግን ልጃቸው ስለደረሰበት የተጠየቁ ወላጆች «ኢንጂነሪንግ ገባ» ነው የሚሉት፤ ተመርቆ ሲቀጠርም «ማርኬቲንግ ውስጥ ነው» ይላሉ። በር የሌለው ነገር አይገባበትም። «ጄኔራል ትሬዲንግ»ማ ቢሮ፣ ማኅተምና የግብር መለያ ቁጥር ስላለው ክርክር ውስጥ መግባትም አይገባውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ለቋንቋው ከሚቆረቆሩ ሰዎች ይመጣል፦ «ማቆሚያ» እያለ «ፓርኪንግ» ምን ይሠራል? አቤቱታው ተገቢ ነው። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም «ፕሪንቲንግ» መሆን ሳያስፈልገው «ማተሚያ» ሆኖ እስከ ዛሬ እያተመ ኖሯል። የ«ማቆሚያ» ችግር ግን ሌላ ነው። ቃሉ መጨረሻ፣ ገደብ ማለትም ስለሆነ «ሕንፃው ማቆሚያ የለውም» ሲባል ሰሚው ወደ ሰማይ ቀና ይላል። «ፓርኪንግ የለውም» ከተባለ ግን ነገሩ ወዲያው ገብቶት መኪናውን የጎረቤት በር ላይ አቁሞ ይሄዳል። ብድሩ የተወሰደው ከቅንጦት ሳይሆን ከግልጽነት ነው። የ2016ቱ የኮሪደር ልማት ከፒያሳ ብዙ ታፔላ ከነቤቱ ስላነሣ የማስረጃው ብዛት ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ሲነሣ ቃሉ አብሮ አለመነሣቱ ግን በራሱ ማስረጃ ነው።

አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ ይቀራል፤ እሱም አደባባዩን በቀጥታ ይመለከታል። «ቱ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል አንዳንዴ ለግስ አጃቢ፣ አንዳንዴ እውነተኛ መስተዋድድ ናት። መልስን በጉጉት እጠብቃለሁ ተብሎ ደብዳቤ በሚዘጋበት ሐረግ ውስጥ መስተዋድድ ስለሆነች «ቱ ሂሪንግ» እንጂ «ቱ ሂር» አይባልም፤ የስንት ተማሪ ነጥብ የተቀነሰው እዚህ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ስሕተት ሊከሰሱ አይችሉም፤ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በአማርኛ ነበር። ሕጉን የጣሱት ባለቤቶቹ ናቸው። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ፤ «ቱ» ተላከች፣ «ሂሪንግ» ግን አልተከተለም። ከዚያ የተከተለው ይታወቃል፦ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፣ የናፒየር ጦር መጣ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተጎትቶ በወጣበት በመቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሁሉም አበቃ። ሰዋስው ቀላል ነገር ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ ምላሽ ይመስለናል።

የመድፉ አምሳያ ዛሬ አደባባዩ ላይ አለ። ማሠራት፣ መጎተት የተባሉት ድርጊቶች ሁሉ አልፈው የቀረው «መታሰቢያ» ነው፤ በፊቱ «መ»፣ በኋላው «ያ»፣ አሠራሩ ከ«ማቆሚያ» ጋር አንድ። ድርጊት በአንድ ቦታ ብዙ ሲቆይ ሥፍራ ይሆናል ላልነው ከዚህ የከበደ ማስረጃ አላገኘንም። መጠበቅም ብዙ ከቆየ እንደዚሁ ነው፤ አደባባይ ይሆንና ታክሲ ይዞርበታል።