የጉሮሮ ጥርስ

ነገሩ የተጀመረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚገፈፍበት ቦታ ነው። የሰፈራችን ልጅ፣ ስድስተኛ ክፍል ትሆናለች፣ እናቷ የገዛችውን ነጭ ዓሣ አፍ በጣቷ ከፍታ አየችና «ጥርስ የለውም እኮ! ታዲያ በምን ይበላል?» አለችኝ። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ከአንዱ ገፋፊ ቢላዋ ለምኜ ከስንጥቡ ኋላ ያለውን ጉሮሮ ቀድጄ አሳየኋት። ማጭድ የመሰሉ ሁለት አጥንቶች፣ በላያቸው የተደረደሩ ጥርሶች። ነጭ ዓሣ የሚያኝከው በጉሮሮው ነው። ልጅቱ ጥርሱን ነካ አደረገችና ጓደኞቿን ልትጠራ ሮጠች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አሥር ልጅ ከበበኝ፤ ገፋፊዎቹም ቢላዋቸውን አስቀምጠው መጡ። ከእነርሱ አንዱ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ ያንን አጥንት ዕድሜውን ሙሉ ከሆድ ዕቃው ጋር ሲጥለው እንደኖረ ነገረኝና እንደገና ላየው ብሎ ከእጄ ወሰደው።

የዚያን ቀን ማታ ቪዲዮ ለመሥራት ወሰንኩ። ክፍል ውስጥ የማስተምረው 60 ልጅ ነው፤ ከክፍሉ ውጪ ያለው ሰው ሁሉ ግን ስልክ በእጁ ይዟል።

ይህ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበሩ፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው የቴሌቪዥን ዝግጅታቸው ፀሐይ የምትባል የስድስት ዓመት የአሻንጉሊት ቀጭኔ ለሕፃናት ስለ ጤናና ስለ አካባቢያቸው በአማርኛ ታወራለች። ዝግጅቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማት አግኝቷል። ያንን ቀጭኔ ተቀምጬ ደጋግሜ አየሁት። ፀሐይ እንደ መምህር አታብራራም፤ እንደ ሕፃን ትጠይቃለች። እኔም የልጅቱን ጥያቄ መክፈቻ አደረግሁት፤ «ጥርስ ከሌለው በምን ይበላል?»

ከጥያቄው ጀርባ ያለው ታሪክ ደግሞ ሰፊ ነው። ጣና የተወለደው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የዓባይን መውጫ ስለዘጋው ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ከግርጌው የወጣው ደለል ሲመረመር ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከሁሉ በላይ የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው፤ ጣና ይደርቃል ብለው አስበው አያውቁም። ከሐይቁ ቁልቁል ደግሞ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው ጢስ ዓባይ አለ፤ ከታች ያለ ዓሣ እሱን ዘሎ አይመጣም። በዚህ በተዘጋ ውኃ ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ወደ ብዙ ዝርያ ተከፋፈለ። የሆላንዱ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሌኦ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጥንተው የላቢዮባርባስ ወገን የሆኑ፣ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ 15 ዝርያዎች ለይተዋል። አንዱ አፈ ሰፊ ነው፤ ሌላው ከንፈረ ወፍራም፤ ሌላው አፉ ወደ ታች የዞረ። ገሚሶቹ ሌላ ዓሣ ይበላሉ፤ የአፍ ጥርስ የሌለው ዓሣ ዓሣ አዳኝ ሆነ ማለት ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ወገን አብዛኛው ጠፍቷል። ለዓለም የቀረው የእኛው ነው።

ይህንን ሁሉ በአንድ ቪዲዮ ልናገር ተነሣሁ። ጊዜው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነበር። ክረምት የመረጥኩት ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ በዚህ ወቅት ዕንቁላል ሊጥሉ ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ ስለሚወጡ ነው። መጀመሪያ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ጠጠርና ጥርት ያለ ውኃ ያለበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ጣና አራት ታላላቅ ገባር ወንዞች አሉት፤ ግልገል ዓባይ፣ መገጭ፣ ርብ እና ጉማራ። የሄድኩት ወደ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደፊት እደርስበታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ በታንኳቸው ይዘውኝ ገቡ። ታንኳ ከደንገል የታሠረች ናት፤ ውኃው ከመቀመጫህ እኩል ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ። ቤት ገብቼ የቀረፅኩትን ስከፍተው ከንግግሬ አንድም ቃል አይሰማም፤ ነፋሱ ብቻ ነው። «ጣና ጠዋት ነው እንጂ ከሰዓት አይገባም፤ ነግሬህ ነበር» አሉኝ አዛውንቱ። እውነት ነው፤ ነግረውኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን በጠዋት ገባን። የያዝኩት የእህቴን ስልክ ነበር፤ የእሷ ካሜራ ይሻላል ብዬ። አንዲት ታንኳ ማገዶ ጭና አጠገባችን ስታልፍ የኛይቱ ተወዛወዘችና ስልኩ ከእርጥቡ ደንገል ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ውኃው ከሰው ቁመት አይበልጥም፤ ነገር ግን የነሐሴ ጎርፍ ከየማሳው አፈር ይዞ ስለሚገባ እጅህን ክርንህ ድረስ ብታስገባ ጣትህን አታየውም። ሽማግሌው ልብሳቸውን አውልቀው ወረዱ። በእግራቸው ጭቃውን እየዳሰሱ እስከ ቀትር ፈለጉ። «ጋሼ፣ ይብቃዎት፤ ይበርድዎታል» ብላቸው እንቢ አሉ። ስልኩ አልተገኘም። ለእህቴ ዕዳውን በአራት ወር ከፍዬ ጨረስኩ።

በሦስተኛው ቀን ተሳካ። ዓሦቹ ሲገለባበጡ፣ ጀርባቸው ከውኃው በላይ ብቅ ሲል፣ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተመልከት፣ መጡልህ» ሲሉኝ፣ ሁሉም ቪዲዮው ውስጥ ገብቷል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ በተቻለኝ መጠን ብዙ ሰው እንዲያየው ፈለግሁ። ስለዚህ በቪዲዮው መጨረሻ በራሴ አንደበት ቦታውን ተናገርኩ። ከየትኛው ድልድይ እንደሚወረድ፣ የወንዙን የቱን ዳር ይዞ እንደሚኬድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ። ተማሪዎች፣ እንግዶች፣ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩ ይመጣሉ ብዬ ነበር።

ቪዲዮው ከገመትኩት በላይ ተሠራጨ። ውጭ አገር ያሉ የባሕር ዳር ልጆች ሳይቀሩ መልእክት ላኩልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው።

«ልጄ፣ ያንን ነገር አውርደው።»

«ምን ተፈጠረ ጋሼ?»

«ወንዙን አፉን ዘጉት።»

በነጋታው በጠዋት ደረስኩ። ስስ የናይለን መረብ ከዳር እስከ ዳር ተገትሯል። ሣሩ ላይ የተቀደደ ሆድ ዕቃ ተከምሯል፤ ውስጡም ቢጫ ዕንቁላል ነበር። መረቡን የሚስቡት ጎረምሶች የአካባቢው ልጆች አይደሉም፤ ክፉ ሰዎችም አይመስሉም። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 መኖሩን፣ በመራቢያው ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ነጩን ዓሣ እንደሚያጠፋው ነገርኳቸው። አንዱ ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝና «አንተ አይደለህ እንዴ እዚህ ነው ያልከን?» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ከፈተልኝ። ድምፄን ሰማሁት፤ ድልድዩን ስናገር፣ ሰዓቱን ስናገር።

መልስ አልነበረኝም። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ የተስፋፉት ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደሆነ፣ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት 10 ዓመታት ደግሞ የነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ አውቅ ነበር፤ ተማሪዎቼንም አስተምሬዋለሁ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ወደ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ ለዓመት የሚተካውን ዘር ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ ጠባብ በር ያሳልፋል። በሩን ያገኘ መረብ ዓሣውን ከነዘሩ ያገኘዋል። ይህንን እያወቅሁ በሩን ለማላውቀው ሰው ሁሉ አሳየሁ። በቪዲዮዬ ውስጥ የተናገርኩት ነገር አንድም ስሕተት የለበትም፤ ሁሉም እውነት ነበር። ያጠፋሁት እውነቱን ማን እንደሚሰማው ሳላስብ መናገሬ ነው።

የዚያኑ ቀን አወረድኩት። ሌሎች ቀድተው የለጠፉት ግን ቀረ። ለእያንዳንዳቸው ጻፍኩላቸው፤ ገሚሶቹ አወረዱ፣ ገሚሶቹ መልስ አልሰጡኝም። ሽማግሌው አልተቀየሙኝም፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ እዚያ ወንዝ መሄድ አልቻልኩም።

በጥር ወር አዲስ ቪዲዮ ሠራሁ። ወንዙ የለበትም። የተቀረፀው ሐይቁ ዳር፣ ጥያቄውን የጠየቀችኝ ልጅ ዓሣውን በሳፋ ይዛ ነው። የጉሮሮውን ጥርስ ራሷ አውጥታ ታሳያለች። የሐይቁ መድረቅም፣ ጢስ ዓባይም፣ 15ቱ ዝርያዎችም አሉበት። ሽማግሌውም ገብተው ልጅ ሳሉ የነጭ ዓሣ ብዛት ምን ያህል እንደነበር፣ አሁን ታንኳቸው ስንት ቀን ባዶዋን እንደምትመለስ ይናገራሉ። የተመለከተው ሰው ከመጀመሪያው ያንሳል። ግን ከመለጠፌ በፊት ለእርሳቸው አሳይቼ፣ ሁለት ቦታ «ይኼ ይውጣ» ብለውኝ አውጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህም ዓሣ፣ ወፍ ወይም ጉማሬ የሚገኝበትን ቦታ የሚያሳይ አንድም ቪዲዮ እዚያው ለሚኖር ሰው ሳላሳይ አልለጠፍኩም፤ ይህን ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶችም እንዲሁ ብታደርጉ እወዳለሁ።

ባሕር ዳር ለምትኖሩና ለምትመጡ አንድ ልመና አለኝ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሆዱ ዕንቁላል የቋጠረ ነጭ ዓሣ ቢቀርብላችሁ አትግዙት። ድልድዩን የምናገርበት የድሮው ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ካለም እባካችሁ አጥፉት፤ ለማንም አትላኩት።