ጭምብልህን አውልቅ፣ በአካሄድህ አውቀንሃል

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው «ስፓይደርማን ካልሆንኩ ኬኩን አልቆርስም» ብሎ አደመ። እናቱ ነገሩን ወደ አጎቱ መራችው። አጎቱ እኔ ነኝ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ወርጄ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ በሚስማር ከተንጠለጠሉት ፊቶች ውስጥ ቀዩን አወረድኩ። ስስ ፕላስቲክ ነው። ሁለት የዓይን ቀዳዳ፣ ለአፍንጫ ጤፍ የማታሳልፍ ጭረት፣ ከጆሮ ጆሮ የምትሳብ ነጭ ላስቲክ። ላስቲኳ የተያዘችው በስቴፕለር ሽቦ ሲሆን የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ወደ ልጁ ጉንጭ ነው የሚያየው። ጀግናውን የሚወጋው ጠላት አብሮ ተሽጧል ማለት ነው።

«ስንት ነው?»

«ለልጅ ነው ወይስ ለአንተ?»

«ዋጋው ይለያያል እንዴ?»

«ለልጅ ከሆነ በዋጋው። ለአንተ ከሆነ በነፃ ውሰደው፤ ለከተማው ጽዳት እኔም የድርሻዬን ልወጣ።»

ዝም ብሎ መውጣት በተረብ ሕግ ነውር ነው። «ታዲያ አንተ እስካሁን ለምን አላጠለቅከውም?» አልኩት።

«እኔ ካጠለቅኩትማ ገበያው ይቆማል። ሰው እዚህ የሚገባው እኔን አይቶ ደንግጦ፣ መሸፈኛ ሲፈልግ ነው።»

ራሱን የሚተርብ ሰው አይቻልም። ከፍዬ ወጣሁ።

ወደ ሴቻ ሰፈር የሚወጣ ባጃጅ ያዝኩ። ከኋላው ባትማን ተለጥፎበታል፤ ሁለት ጆሮ፣ ጥቁር ፊት፣ የተከፈተች አገጭ። ለሹፌሩ ወሬ አቀበልኩት። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ባትማን ሆኖ የሠራው ማይክል ኪተን ያጠለቀው የላስቲክ ጭምብል ራሱንና አንገቱን አንድ ላይ ስለያዘበት አንገቱን ማዞር አይችልም ነበር። ወደ ጎን ማየት ሲፈልግ ከወገቡ ጀምሮ እንደ ቁም ሣጥን ይዞራል። ለብዙ ዓመት እንዲያው ቆየና በ2008ቱ ፊልም ላይ ጀግናው ራሱ «አንገቴን ማዞር እፈልጋለሁ» ብሎ አዲስ ልብስ አሠራ።

«እዚህ መንገድ ላይ ስንት ባትማን እንዳለ ብነግርህ!» አለኝ ሹፌሩ። «አንዱም አንገቱን አያዞር።»

«አንተስ አንገትህ እየዞረልህ መቼ ወደ ኋላ አይተህ ታውቃለህ?»

«ወደ ኋላ ካየሁማ ሂሳብ ያልከፈለ ሰው ነው የማየው።»

ኪሴን ዳበስኩ። እውነትም አልከፈልኩም ነበር።

እኔን የገረመኝ የጭምብሉ ዓላማ ነው። ባትማን ከ1939 ጀምሮ፣ ስፓይደርማን ከ1962 ጀምሮ ፊታቸውን የሚሸፍኑት ማንነታቸው እንዳይታወቅ፣ ጠላትም በቤተሰባቸው እንዳይመጣባቸው ነው ይባላል። በ1938 የመጣው ሱፐርማንማ ጭራሽ ጭምብል የለውም። ሰው መሆን ሲፈልግ መነጽር ያደርጋል፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹም ስንት ዓመት አጠገቡ ተቀምጠው አያውቁትም! ይኼ ሰው ሴቻ ላይ ተቀጥሮ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን፣ ቡናው አንደኛውን ሳይሻገር፣ አንዲት እናት ቀና ብለው «አንተ የነዚያ ሰዎች ልጅ አይደለህም እንዴ፣ ያ የሚበረው? ምነው ዓይንህን አመመህ?» ብለው ጉዳዩን ይዘጉት ነበር። እኛ ሰው የምናውቀው በፊቱ ብቻ አይደለም። በአካሄዱ፣ በሳሉ፣ በአባቱ ትከሻ፣ ባለበት ዕዳ ጭምር ነው።

ዕዳ ካልኩ አይቀር የራሴን ልናዘዝ። ተመራቂ በነበርኩበት ዓመት፣ የክፍላችን ልጆች «ክሬዚ ዴይ» ብለው እንደ ፈለጉ ለብሰው በሚወጡበት ቀን፣ እኔ ስፓይደርማን ነበርኩ። የፕላስቲኩ ሳይሆን ከራስ እስከ አንገት የሚጠልቀው፣ የተጣበቀው የጨርቅ ጭምብል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል ወደ 1,300 ሜትር ላይ የተኛች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ አትቀልድም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላኝ ላቤ በአገጬ በኩል ይንጠባጠብ ጀመር። ጁስ ቤት ገባሁና የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ አዘዝኩ፤ መጠጫው ሲመጣ ነው ስፓይደርማን አፍ እንደሌለው የገባኝ። በጨርቁ ላይ ስትሮ ይዤ ስታገል የጁስ ቤቷ ባለቤት ወገባቸውን ይዘው አዩኝ።

«ጫሞ ሐይቅ ያለው አዞ እንኳን ሲሞቀው አፉን ከፍቶ ይተኛል። አንተ ፊደል ቆጥረህ፣ በገዛ ገንዘብህ አፍህን አዘጋህ?»

እውነታቸውን ነው፤ አዞ አፉን በልቅጦ የሚውለው ለማስፈራራት ሳይሆን ሙቀቱን ለመቀነስ ነው። «አዞ ገበያ» እስከሚባለው የሐይቁ ዳር በጀልባ ሄዶ ያየ ያውቀዋል። ጭምብሉን እስከ አፍንጫዬ ሰብስቤ አንድ ጊዜ ከመሳቤ «ውይ! አንተ ነህ እንዴ?» አሉ። «በዚያውም የባለፈውን የሁለት ጁስ ሂሳብ ክፈል።» ጀግና ሆኜ የኖርኩት አርባ ደቂቃ ነው።

ደግሞስ ጭምብል ብርቅ ሆኖብን ነው? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አገር ምድሩ አጥልቆ አልነበር? የማድረጉ ስልት ግን የራሳችን ነበር። ፖሊስ ሲታይ አፍንጫ ላይ፣ ሲያልፍ አገጭ ላይ፣ ሲመሽ ክርን ላይ። አገጩን ከኮሮና ያዳነ ሕዝብ ነን።

ግዢው በተፈጸመ ማግስት ጋቢ ላሠራ ወደ ጨንቻ ወጣሁ፤ ጭምብሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ወደ 2,700 ሜትር ያወጣሃል። ታች በካኒቴራ የተሳፈረ ሰው ላይ ሲደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ዶርዜ ጋ ስትደርስ ጉሙ ውስጥ ሰው የሚመስል ነገር ይመጣል፤ ከራስ ቅል እስከ ጉልበት ቡልኮ፣ ከቡልኮው መሐል ሁለት ዓይን ብቻ። ባትማን ማለት ይኼ ነው! ልዩነቱ የኛው አንገቱን ያዞራል፣ ሰላምታም ይሰጣል። ቤቱ ራሱ ጭምብል ያጠለቀ ነው የሚመስለው፦ ከቀርከሃ የተሠራው የዶርዜ ቤት የዝሆን ፊት ነው፣ መግቢያው እንደ ኩምቢ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ከላዩ ዓይን የመሰሉ ሁለት ቀዳዳዎች። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው ያጥራል እንጂ ቶሎ አይወድቅም።

አንድ አዛውንት ሸማኔ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው ይሸምናሉ። መወርወሪያዋ ከቀኝ እጃቸው ወጥታ ግራ እጃቸው ላይ ታርፋለች፤ በእግራቸው ሲረግጡ ድሩ አፉን ይከፍታል፣ ማጉ ያልፋል፣ ይዘጋል። ለመተረብ ምላሴን በላኝ። ጭምብሉን አወጣሁና «አባባ፣ ይኼን ሰውዬ ያውቁታል? እንደርስዎ ድር ነው ሥራው፤ ከእጁ እየወረወረ ከፎቅ ፎቅ ይዘላል» አልኳቸው።

ተቀብለው ቀዩ ላይ የተሰመረውን ጥቁር መረብ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ድሩንስ አየሁት። ማጉ የታለ?»

«ማግ የለውም መሰለኝ።»

«ለዚህ ነዋ ልብሱ ቆዳው ላይ የተጣበቀ። ማግ የሌለው ድር ልብስ አይወጣውም። ጨርቅ ቢኖረው ይከናነብ ነበር።»

እጅ አልሰጥም ብዬ «ቢሆንም አባባ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?» አልኩ።

«ቢያብር ነው የተባለው፣ ልጄ። እሱ ብቻውን አይደል የሚዘለው?»

መወርወሪያዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔም ወደ ዝምታዬ።

የእኚህን ሰውዬ እኩዮች በመስከረም 2011 ዓ.ም. አይተናቸዋል። በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግፍ ሲሰማ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። አንዳቸውም ፊታቸውን አልሸፈኑም። ቢሸፍኑማ ማን ይቆምላቸው ነበር? እንደ እኔ እንደ እኔ ያንን ሁሉ ጉልበት ያቆመው የሚታወቅ ሽበት ነው፤ የጓደኛህ አባት፣ ልጅ ሳለህ ከማንጎ ዛፍ ያወረዱህ ሰውዬ። በዚህኛው ላይ ተረብ የለኝም።

የኛ ሰው ጀግና አልፈጠረም እንዳይባል ደግሞ «ጀምበር» የሚባል ኢትዮጵያዊ ጀግና በ2018 እ.ኤ.አ. በኮሚክ መጽሐፍ ወጥቷል፤ «ሐዊ» የምትባል ሴትም ተከትላዋለች። በዚያው ዓመት ሆሊውድ «ብላክ ፓንተር»ን ሠርቶ ዋካንዳ የምትባል የፈጠራ አገር ሽማግሌን አረንጓዴ ሱፍ አልብሶ፣ ከንፈሩ ላይ ገል አድርጎ አሳየን። የልብሱ ባለሙያ ሩት ካርተርም በ2019 እ.ኤ.አ. ኦስካር ወሰደች። ያን ገል በዓይኑ ሊያይ ወደ ጂንካ የሚወርደው ፈረንጅ አርባ ምንጭ አድሮ፣ ዓሣ በልቶ ነው የሚያልፈው። ዋካንዳ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ እኛ ጋ ቁርጥ ይበላል ብዬ ብፎክር ማን ይከለክለኛል?

የልደቱ ቀን ደረሰ። የሽቦውን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኜ ጭምብሉን አስረከብኩ። ልጁ አጠለቀና በጓሮ በር ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በዋናው በር እንደ እንግዳ አንኳኳ። እናቴ ከፈቱለት።

«እኔ ማን ነኝ?» አለ ድምፁን አጎርንኖ።

«ትናንት ጥርሱ የወለቀ፣ ዛሬ ጫማውን አዛውሮ ያደረገ ልጅ ነህ። ግባ።»

ሻማው ጠፋ፣ ኬኩ ተቆረሰ። ጭምብሉ አንድ ሰዓት ሳይሞላው በላብና በክሬም ተለውሶ ሶፋ ላይ ተጣለ። ልጁ ወዲያ ዞሮ ከረሜላ ሲቆጥር አነሳሁትና ላስቲኳ እስክትበጠስ ስቤ ፊቴ ላይ ለጠፍኩት። ከበሩ ኋላ ተደብቄ ዘልዬ ፊቱ ወጣሁና «ዋእ!» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አጎቴ፣» አለ፣ «እንድደነግጥ ከፈለግክ አውልቀው።»