ዓይን ያወጣ ዋጋ

«ውድ መድኃኒት ምንጊዜም ይሻላል» ይሉኛል። ማን አወዳድሮት? ሉሴንቲስም አቫስቲንም ከአንድ ኩባንያ ከጄኔንቴክ የወጡ ናቸው። ሉሴንቲስ እ.ኤ.አ. በ2006 ሬቲናቸው ሥር ደም ሥር እያፈሰሰ ብርሃናቸውን ለሚነጥቃቸው አዛውንት ተፈቀደ፤ አንዱ መርፌ ያኔ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። አቫስቲን የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነው፤ ለዓይን ተከፋፍሎ ሲቀዳ ግን አንዱ መርፌ 50 ዶላር አካባቢ ይወጣል።

«ኩባንያው ለምን አላወዳደራቸውም?» በ2,000 የሚሸጥ ነጋዴ ባለ 50ውን ምን ቆርጦት ያስመሰክርለታል! ያወዳደረው የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ነው፣ በሕዝብ ገንዘብ፣ ከ1,000 በላይ ሕመምተኞች ላይ። በ2011 ውጤቱ ወጣ፤ በአንድ ዓይነት ቀጠሮ የተወጉት ሰዎች እይታ እኩል ሆነ።

«አቫስቲን ከተወጉት በከባድ ሕመም ሆስፒታል የገቡት በዝተዋል።» አዎ፣ በዚያ ጥናት በመጠኑ በዝቷል፤ ብዙው ሕመም ግን ከዚህ ዓይነት መድኃኒት ጋር ተያይዞ የማይታወቅ ነበር። «ሲከፋፈል ይበከላል።» ማያሚ ላይ በ2011 ተበክሎ ዓይን አጥፍቷል፤ ስለዚህ ቀጂው ፋርማሲ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበት።

«ምርጫው የሐኪሙ ነው፤ መንግሥት እጁን አያስገባ።» አስገብቷል እኮ! በሕጉ ስሌት ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንት መድን፣ ለሐኪሙ የመድኃኒቱን አማካይ ዋጋ ከፍሎ 6 በመቶ ይጨምርለታል። በዚያ ዋጋ ከ2,000 ላይ 120 ዶላር፣ ከ50 ላይ 3 ዶላር። ሐኪሞቹን አላማም፤ ብዙዎቹ ባለ 3ቱን መርጠዋል። የማማው ስሌቱን ነው።

«ከፋዩ መድን ነው፤ ሕመምተኛውን ምን አገባው?» ዋሽንግተን አካባቢ ልጆቻቸው ዘንድ ያሉ እናቶቻችንን ጠይቁ። ሜዲኬር ያላቸው፣ ተጨማሪ መድን ግን የሌላቸው፣ 20 በመቶው ከራሳቸው ቦርሳ ነው፦ በዚያ ዋጋ በአንዱ 10 ዶላር፣ በሌላው 400። መርፌው ደግሞ በየወሩ ሊሆን ይችላል።

«በርካሹ ጀምሩ ማለት ሕክምናን በራሽን ማደል ነው!» 400 ዶላር አጥተው ቀጠሮ የሚቀሩት እናት ምን ላይ ናቸው ታዲያ?

«አንድ መድኃኒት ለሁሉም አይሆንም።» እዚህ ላይ እንስማማለን። በባለ 50ው ይጀመር፤ ያልሠራለት ሰው ሳይጉላላ፣ ወረቀት ሳይበዛበት፣ ብርሃኑ ሳይሄድ ወደ ውዱ ይሻገር። ለእሱ የውዱ ዋጋ ሲከፈል አንዲት ቃል አልተነፍስም።